ምርጫ ጣቢያው ደጅ ላይ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ቆሟል፤ ሕጉ ምን ይላል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ባለፈው ምርጫ እናቴን ይዤ ድምፅ ልንሰጥ ሄድን። ዜግነት ካገኘች የመጀመሪያዋ ነበር። ምርጫ ጣቢያው የአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። መኪና ማቆሚያው ጫፍ ላይ አንድ ሰውዬ ሽጉጡን በወገቡ ታጥቆ ቆሟል። ማንንም አላናገረም፣ ማንንም አልነካም። እናቴ ግን ‹ልጄ፣ ይቅርብን፣ እንመለስ› አለችኝ። በስንት ልመና አስገባኋት። ሚሺጋን ያለው ወንድሜ ‹እዚህ ፍርድ ቤት ፈቅዶላቸዋል› ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ ‹አሪዞና ዳኛው ከልክሏል› ትላለች። ማንን ልመን? የኛስ ሰውዬ ጥፋተኛ ነው?»

መልስ፦ ወንድምዎም ጓደኛዎም መሠረት ያለው ነገር ነው የሰሙት። ግራ የሚያጋባውም ለዚህ ነው። ሁለቱ ዳኞች አንድ ጥያቄ ቀርቦላቸው ሁለት ዓይነት መልስ የሰጡ ይመስላል። የሚሺጋኑ ግን የጠየቀው «ይህን ክልከላ ያወጣችው ባለሥልጣን በዚህ መንገድ ማውጣት ትችላለች ወይ?» ብሎ ነው። የአሪዞናው ደግሞ «እነዚህ ሰዎች መራጩን እያስፈራሩት ነው ወይ?» አለ። ቴሌቪዥን ላይ ሁሉም የሚጯጯህበት «መታጠቅ መብት ነው፣ አይደለም» የሚለው ክርክር በሁለቱም መዝገቦች ዳር ላይ ነበር።

ከእናትዎ ልጀምር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ግለሰብ መሣሪያ ይዞ ምርጫ ጣቢያ እንዳይቀርብ በመላው አሜሪካ የሚከለክል አንድ ሕግ የለም። ነገሩ ለየግዛቱ የተተወ ነው። ቨርጂኒያ የራሷን ሕግ ያወጣችው በ2021 ነው። ከጁላይ 1 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ለምርጫ ጣቢያነት ከሚያገለግለው ሕንፃ በ40 ጫማ ርቀት ውስጥ እያወቀ መሣሪያ የያዘ ሰው ሕግ ይጥሳል። በወገብ ታየ፣ በኮት ተሸፈነ ለውጥ የለውም። ክልከላው ጣቢያው ከመከፈቱ አንድ ሰዓት በፊት ይጀምርና ከተዘጋ አንድ ሰዓት በኋላ ያበቃል። የምርጫ ቀን ድምፅ የሚሰጠው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ስለሆነ፣ በእኛ ሰዓት ከንጋቱ 11 እስከ ምሽቱ 2 ማለት ነው። ፖሊሶች፣ ፈቃድ ያላቸው የጥበቃ ሠራተኞች ሥራቸው ላይ ሳሉ፣ እንዲሁም ቤቱ እዚያው 40 ጫማ ውስጥ የሆነ ሰው በገዛ ግቢው አይመለከታቸውም።

አሁን 40 ጫማን በዓይንዎ ይለኩት። 12 ሜትር ገደማ ነው። መኪና በቁመት ቢደረደር ሁለት ተኩል ቢሆን ነው። የቤተ ክርስቲያን መኪና ማቆሚያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይሰፋል። ስለዚህ ሰውዬው እርስዎ እንዳሉት ጫፉ ላይ ከነበረ፣ ይህን ሕግ ሳይጥስ ቆሞ ሊውል ይችላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ለአካለ መጠን የደረሰና ያልተከለከለ ሰው ተራ ሽጉጥ በግልጽ ታጥቆ መንገድ ላይ ለመሄድ ፈቃድ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የምርጫ ቅስቀሳ የሚከለከልበትም ርቀት እዚያው ቨርጂኒያ 40 ጫማ ነው። ግን የቅስቀሳው የሚለካው ከመግቢያው በር ነው፣ የመሣሪያው ከሕንፃው። ረዥም አዳራሽ ከሆነ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በራሪ ወረቀት የሚያድለው ሰውዬ የሕንፃው ጎን ላይ መቆም ሲችል፣ የታጠቀው እዚያ መቆም አይችልም። ፖሊስ ተጠርቶ ሜትር ሲዘረጋ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከየት ይለካ በሚለው ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ግቢው የቤተ ክርስቲያኑ ነው። የግቢው ባለቤት «መሣሪያ ይዘህ ግቢዬ አትቁም» ሊለው ይችላል። እምቢ ካለ ጉዳዩ የምርጫ ሕግ መሆኑ ቀርቶ ሰው ግቢ ያለፈቃድ መቆም ይሆናል። ይህን መንገድ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ፈጣኑ መፍትሔ እሱ ነው።

ወደ ወንድምዎ ግዛት እንሂድ። የሚሺጋኑ ታሪክ ዘለግ ይላል፣ ግን ይታገሱኝ።

2020ን ያስታውሱ። ኤፕሪል 30 ቀን የኮሮና ገደብ ያስቆጣቸው ሰዎች፣ አንዳንዶቹ ረጃጅም ጠመንጃ አንግበው፣ ላንሲንግ ያለው የግዛቱ ምክር ቤት ሕንፃ ውስጥ ገቡ። ያኔ ይህን የሚከለክል ደንብ አልነበረም። ኦክቶበር 8 ቀን ደግሞ ኤፍቢአይ አገረ ገዢዋን ግሬቸን ዊትመርን ለመጥለፍ ሲያሴሩ ደረስኩባቸው ያላቸውን ሰዎች መያዙን አስታወቀ። በዚህ ድባብ ውስጥ፣ ኦክቶበር 16፣ ምርጫው 18 ቀን ሲቀረው፣ የግዛቱ የምርጫ የበላይ ኃላፊ የሆነችው ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ጆስሊን ቤንሰን መመሪያ አወጣች። ምርጫ ጣቢያ፣ የምርጫ ጽሕፈት ቤትና ድምፅ የሚቆጠርበት ቦታ 100 ጫማ ውስጥ መሣሪያ በግልጽ መታጠቅ ክልክል ነው አለች። 100 ጫማ 30 ሜትር ነው።

የመሣሪያ ባለቤቶች ማኅበራት ወዲያው ከሰሱ። ክርክራቸው ሲሰሙት ደረቅ ነው። «መብታችን ተነካ» የሚለውን ብቻ ይዘው አልቀረቡም። ዋናው ነጥባቸው «ይህ መመሪያ ሳይሆን ደንብ ነው» የሚል ነበር። የሚሺጋን የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንድ መሥሪያ ቤት ሕዝብን ሁሉ የሚያስገድድ ደንብ ሲያወጣ አስቀድሞ እንዲያሳውቅ፣ አስተያየት እንዲሰበስብ፣ ሌላም ሌላም ደረጃ እንዲያልፍ ያዛል። ቤንሰን አንዱንም አላለፈችም። በ18 ቀን ማለፍም አይቻልም።

ዳኛ ክሪስቶፈር መሪ ኦክቶበር 27 ቀን፣ ምርጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ መመሪያውን አገዱት። ይግባኝ ሰሚውም ፍርድ ቤት እግዱን አላነሳም። ዳኛው ሐሳቡ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለው ውስጥ አልገቡም። መራጭን ማስፈራራት በሚሺጋን ሕግ ድሮም ወንጀል መሆኑን ግን አስታውሰዋል። ስለዚህ ወንድምዎ «ፈቅዶላቸዋል» ሲል ግማሹን ነው የሰማው። ዳኛው የታጠቀ ሰው የማስፈራራት መብት አለው አላሉም። ሥልጣኑን በዚህ አካሄድ መጠቀም አይቻልም ነው ያሉት።

የራሴን ሐሳብ ከጠየቁኝ፣ ዳኛው በሕጉ ልክ ናቸው፤ ቤንሰንም የፈራችው ነገር እውነት ነበር። ሁለቱን አብሮ መያዝ ይቻላል። ስህተቱ የጊዜው ነው። ኤፕሪል ላይ ጠመንጃ ይዘው ምክር ቤት የገቡ ሰዎችን ያየ መንግሥት፣ ኦክቶበር አጋማሽ እስኪደርስ መጠበቅ አልነበረበትም። ምርጫ ሲቃረብ የሚወጣ መመሪያ ሁሌም ለክስ የተመቸ ነው። መመሪያው በታገደ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ባይነሳ ይሻል ነበር የሚያሰኝ ሆነ። ሰው የሰማው «ፍርድ ቤት ፈቀደ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ልክ እንደ ወንድምዎ።

ሌሎች ግዛቶች ከዚህ የተማሩ ይመስላል። ያው ገደብ በመመሪያ ሳይሆን በሕግ መጣ። ቨርጂኒያ በ2021። ኮሎራዶ በ2022፣ 100 ጫማ። ኒው ሜክሲኮ በ2024፣ ከጣቢያው 100፣ ደጅ ከሚተከለው የድምፅ መስጫ ወረቀት መክተቻ ሳጥን ደግሞ 50 ጫማ፤ ሆኖም ደብቆ የመያዝ ፈቃድ ያላቸውን ነፃ አድርጋለች። ሜሪላንድ፣ ማለትም ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት ዘመዶቻችን፣ ከዚያ በፊትም የ100 ጫማ ክልከላ ነበራቸው። መሣሪያ ወዳድ የሚባሉት ቴክሳስና ጆርጂያ እንኳ ምርጫ ጣቢያ ላይ መሣሪያ ከከለከሉ ቆይተዋል። ይህን ስናገር ብዙ ሰው አያምነኝም። ጆርጂያ እንዲያውም 150 ጫማ ትላለች።

አሁን አሪዞና። አሪዞና በምርጫ ቀን መሣሪያ ይዞ ምርጫ ጣቢያ መግባትን የሚከለክል ሕግ አላት። ታዲያ በ2022 ምን ተፈጠረ? ሰዎቹ ያንን ሕግ አልነኩትም። የተሰበሰቡት ከምርጫው ቀን በፊት፣ ደጅ በተተከሉት የድምፅ መስጫ ወረቀት መክተቻ ሳጥኖች አጠገብ ነው። ቅስቀሳ ከሚከለከልበት 75 ጫማም ወጣ ብለው ይቆማሉ። የሚመጣውን መራጭ ይቀርፃሉ፣ ታርጋውን ያነሳሉ። ኦክቶበር 21 ማታ ሜሳ ከተማ ውስጥ ሁለት ሰዎች ፊታቸውን ሸፍነው፣ የጥይት መከላከያ ለብሰው፣ ታጥቀው ሳጥኑ አጠገብ ተገኙ። የሸሪፉ ሰዎች ሲደርሱ ሄዱ።

ክስ ቀረበ። ዳኛው ማይክል ሊበርዲ፣ በፕሬዚዳንት ትራምፕ የተሾሙ፣ ኦክቶበር 28 ቀን የመጀመሪያውን የእግድ ጥያቄ ውድቅ አደረጉት። አደባባይ ላይ ቆሞ ማየትና መቅረፅ በሐሳብ ነፃነት የተጠበቀ ነው፣ ሰዎቹ ማንንም እንደዛቱ አልታየም አሉ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ኖቬምበር 1፣ በሌላ ከሳሽ ጥያቄ ያው ዳኛ ጊዜያዊ እግድ ሰጡ። ከሳጥኑ 250 ጫማ፣ 76 ሜትር ገደማ፣ ውስጥ በግልጽ መታጠቅም የሚታይ የጥይት መከላከያ መልበስም ተከለከለ። መራጭን መከተልና 75 ጫማ ውስጥ መጮህም እንዲሁ።

ልብ ይበሉ። እግዱ ያሰረው የተከሰሱትንና አብረዋቸው የሚሠሩትን ነው። ለአሪዞና ሕዝብ ሁሉ የወጣ ሕግ አይደለም። ጓደኛዎ «ዳኛው ከልክሏል» ስትል ይህቺ ትቀራለች።

ዳኛው የተደገፉባቸው ሕጎች ግን ሁላችንንም ይመለከታሉ፤ እናትዎንም። አንዱ በ1871 የወጣው፣ ኩ ክላክስ ክላንን ለመቆጣጠር የታወጀው ሕግ ነው። ጥቁሮች ድምፅ መስጠት ሲጀምሩ ደቡብ ውስጥ የታጠቁ ቡድኖች በማታ ቤታቸው ይመጡ ነበር። ሉዊዚያና ውስጥ ኮልፋክስ በምትባል ከተማ፣ በ1873 በፋሲካ ዕለት፣ ከምርጫ ውጤት ጋር በተያያዘ ጠብ ብዙ ጥቁሮች ተጨፈጨፉ። ሁለተኛው በ1965 የወጣው የመምረጥ መብት ሕግ ነው። አንቀጽ 11 መራጭን ማስፈራራት፣ መዛት፣ ማስገደድ ወይም መሞከር ክልክል ነው ይላል።

ጠበቆች የሚከራከሩበት ጥቃቅን ነገር እዚህ አለ። ማስፈራራትን የሚቀጣው የፌዴራል የወንጀል ድንጋጌ ሰውዬው መራጩን ለማደናቀፍ አስቦ ማድረጉ እንዲረጋገጥ ይፈልጋል። የ1965ቱ አንቀጽ ግን ስለ ሐሳብ አያወራም። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ ወኅኒ ሊያስገባው የማይችለውን ሰው፣ ዳኛ በፍትሐ ብሔር እግድ ከዚያ ቦታ ሊያስነሳው ይችላል። በ2020 ሚኒሶታ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። አንድ ከቴኔሲ የመጣ የግል ጥበቃ ድርጅት ምርጫ ጣቢያ እንጠብቃለን ብሎ የቀድሞ ልዩ ኃይል አባላትን መቅጠር ጀመረ። የሙስሊሞች የሲቪል መብት ማኅበርና የሴት መራጮች ሊግ የሚኒሶታ ቅርንጫፎች ከሰሱ። ዳኛዋ ናንሲ ብራዜል ምርጫው አምስት ቀን ሲቀረው አገዱት። አንድ ጠመንጃ እንኳ ደጅ ላይ ሳይታይ። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ስንት ኢትዮጵያዊና ሶማሌ መራጭ እንዳለ ለእርስዎ መንገር አያሻኝም።

የታጣቂዎቹንም ወገን ክርክር ልናገር፣ ምክንያቱም ተራ ነገር አይደለም። ሰውዬው ገጠር ነው የሚኖረው። ሽጉጡን ጠዋት እንደ ሰዓቱ ነው የሚያስረው። ወደ ሥራ ሲሄድ መንገዱ ላይ ያለው ጣቢያ ጎራ ብሎ ድምፅ ይሰጣል። «ያላደረግኩትን ነገር ሌላው ስለፈራ ለምን እቀጣለሁ?» ይላል። ፍርሃት ብቻውን ሕግ ቢሆን ኖሮ ብዙ ነገር ይከለከል ነበር። ሴፕቴምበር 2020 ፌርፋክስ ውስጥ ሰልፈኞች ባንዲራ እያውለበለቡ ቀድመው ድምፅ ለመስጠት ከተሰለፉ ሰዎች አጠገብ ሲጮኹ፣ አንዳንድ መራጭ ፈርቶ አስፈጻሚዎቹ ወደ ውስጥ አስገቧቸው። መሣሪያ የሚባል ነገር አልተነሳም። ሕጉ ሁሉንም ፍርሃት አያክምም።

ስለ መብቱ ከተነሳ፣ በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኒው ዮርክን የመሣሪያ ፈቃድ ሕግ ሲያፈርስ፣ ዳኛ ክላረንስ ቶማስ የጻፉት ፍርድ ከቤት ውጭ የመታጠቅ መብትን አሰፋ። ብዙዎች «አለቀ፣ የምርጫ ጣቢያውም ሊፈርስ ነው» ብለው ነበር። ግን ያው ፍርድ መሣሪያ ሊከለከልባቸው የሚችሉ ጥንታዊ ቦታዎችን ሲጠቅስ የሕግ አውጪ ምክር ቤቶችን፣ ምርጫ ጣቢያዎችንና ፍርድ ቤቶችን ስም አንሥቶ ይጠራል። ፈተናው «ከጥንት የነበረ ነገር ነው ወይ?» ስለሆነ ጠበቆች የቆየ ሕግ ፍለጋ ገቡ። ብዙም አልደከሙም። የደላዌር የ1776 ሕገ መንግሥት ማንም ሰው ታጥቆ ምርጫ ቦታ እንዳይመጣ፣ ወታደርም ከምርጫው ቦታ አንድ ማይል ውስጥ ከምርጫው 24 ሰዓት በፊትና በኋላ እንዳይቆይ ይከለክላል። አገሪቱ ነፃነቷን ባወጀችበት ዓመት መሆኑ ነው። ስለዚህ ምርጫ ጣቢያው ውስጥ መከልከል መሠረቱ ጠንካራ ነው። ክርክሩ አሁን የቀረው ዙሪያው ላይ ነው፦ ስንት ጫማ? ሳጥኑስ? የሚቆጠርበት መጋዘንስ? ቀድሞ ድምፅ የሚሰጥባቸው ሳምንታትስ? ሰልፉ ከ40 ጫማ አልፎ መንገድ ከደረሰስ?

ስለ እናትዎ ሳስብ አንድ ነገር መጣልኝ። እኛ ምርጫ ጣቢያ የታጠቀ ሰው ስናይ ወዲያው «መንግሥት የላከው ነው» ነው የምንለው። ከዚያ ነው ፍርሃቱ የሚመጣው። እዚህ አገር ያ ራሱ ወንጀል መሆኑን ይንገሯት። የፌዴራል መንግሥት ሹም ወይም ወታደራዊ መኮንን ወታደር ወይም የታጠቀ ሰው ድምፅ ወደሚሰጥበት ቦታ ከላከ፣ የአገሪቱን የታጠቀ ጠላት ለመመከት ካልሆነ በቀር፣ እስከ አምስት ዓመት እስራት ያስቀጣል። ያ ሰውዬ ማን እንደሆነ አላውቅም። የታጠቀ የአካባቢው ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሚስቱን የሚጠብቅ ባልም ሊሆን ይችላል።

ሌላ ጊዜ ቢገጥማችሁስ? ሰውዬውን አታናግሩት። ርቀቱን እኔ ልለካ አትበሉ። ገብታችሁ ጣቢያውን የምትመራውን ዋና አስፈጻሚ ጥሩና «ውጭ የታጠቀ ሰው አለ» በሉ። አስፈጻሚዎቹ ምን እንደሚያደርጉ ያውቃሉ፤ ፖሊስም መጥራት ይችላሉ። ሰውዬው መሣሪያውን ካወጣ፣ ከጠቆመ፣ «ማንን ልትመርጡ ነው?» ብሎ ከጠየቀ ወይም መንገድ ከዘጋ፣ 40 ጫማም 400 ጫማም ቢሆን 911 ነው። ነገሩ ግልጽ ካልሆነላችሁ ደግሞ ለመራጮች የተዘጋጀ የነፃ ስልክ አለ፦ 866-687-8683። ጠበቆች ያነሳሉ።

ከሁሉ የሚቀለው ግን የምርጫውን ቀን አለመጠበቅ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ድምፅ መስጠት የሚጀመረው ከምርጫው 45 ቀን በፊት ነው። እናትዎ እንግሊዝኛ ማንበብ የሚቸግራቸው ከሆነ፣ እርስዎ አብረዋቸው ድምፅ መስጫው ድረስ መግባት ይችላሉ። የ1965ቱ ሕግ የራሳቸውን ረዳት የመምረጥ መብት ሰጥቷቸዋል፤ አሠሪያቸው ወይም የሠራተኛ ማኅበራቸው ሰው እንዳይሆን ብቻ ነው። እዚያው ቅጽ ይሰጧችኋል፣ ትፈርማላችሁ፣ አብራችሁ ትገባላችሁ።